በልጅነት የተወደደ ቡድን

ሰው በልጅነቱ የወደደውን ነገር በሽምግልናው ጊዜ እንኳ ለመተው ይቸገራል። ለዚህም ምስክር የሚሆኑን በአሜሪካ፥ በቺካጎ ከተማ የሚኖሩት የከብስ ቡድን ወዳጆች ናቸው። የቡድኑም ስም ትርጓሜ «የድብ ግልገሎች» ማለት ነው፤ ጨዋታውም ቤዝቦል የሚባለው፥ የተወረወረውን ኳስ በዱላ እየመቱ የሚሮጡበት ነው።

ይህ ቡድን እንደ አውሮጳውያን አቆጣጠር በ1908 የአገሩ አሸናፊ ከሆነ ወዲህ ያ ክብር 108 ዓመት ራቀው። ወዳጆቹ ግን አልተለዩትም። ሪግሊ ፊልድ የተባለው ሜዳው እስከ 1988 ድረስ የሌሊት መብራት ስላልነበረው፥ በዚያ የሚጫወተው በቀን ብቻ ነበር፤ ልጆችም ከትምህርት ቤት ሲመለሱ የጨዋታውን ፍጻሜ በሬዲዮ ወይም በቴሌቪዥን ይደርሱበት ነበር። እንዲህም ሆኖ ፍቅሩ ከአያት ወደ አባት፥ ከአባት ወደ ልጅ ተላለፈ።

በመጨረሻ ኖቬምበር 2 ቀን 2016፥ ዝናብ ጨዋታውን 17 ደቂቃ ካቋረጠው በኋላ፥ ቡድኑ የክሊቭላንድን ቡድን 8 ለ 7 አሸነፈ። በዚያም ሰሞን ብዙ ሰዎች ወደ ሪግሊ ፊልድ ግንብ ሄደው፥ ይህን ቀን ሳያዩ የሞቱትን የአባቶቻቸውንና የአያቶቻቸውን ስም በጠመኔ ጻፉ።

ወላጆች ሆይ፥ ይህን ልብ እንበል። በደስታቸው ቀን ትዝ ያላቸው በልጅነታቸው አብሯቸው ተቀምጦ ጨዋታውን ያየው ሰው ነው። እንግዲህ ልጃችን ስለሚወደው ቡድን ሊያጫውተን ሲመጣ፥ «ሥራ አለብኝ» ብለን አንመልሰው፤ ጥቂት አብረነው እንቀመጥ።