ሜትሩን አታሳጥሩብን

በየጊዜው አንዱ ይነሳና «የቤልን ቲዎረም አፈረስኩት» ይላል። ግራፍ አለው፣ ቪዲዮ አለው፤ ከሥር «ሳይንቲስቶቹ ሲሸውዱን ኖረዋል» የሚል አጨብጫቢም አያጣም። ስልቱ ያው ነው። በኳንተም የተቆራኙትን ሁለት ቅንጣቶች፣ ሲለያዩ አንድ የጋራ አቅጣጫ እንደያዙ ተራ ሞገዶች ይቆጥራቸዋል። የሁለቱን ልኬት አባዝቶ አማካዩን ሲያወጣ ኳንተም የሚተነብየው የኮሳይን ከርቭ ቁልጭ ብሎ ይወጣል። እኔም ተሸውጄበታለሁ። ወረቀት ላይ ሠርቼ ልክ ሲሆንብኝ እንቅልፍ አጣሁ።

ልክ ነው እኮ! ግን ከርቩ እንዲገጥም የእያንዳንዱ ወገን ልኬት አንዳንዴ እስከ 1.41 መድረስ አለበት። ላብራቶሪ ውስጥ 1.41 የሚባል መልስ የለም። ፎቶኑ ወይ በዚህ ወይ በዚያ በኩል ይወጣል፤ +1 ወይም −1 ተብሎ ይመዘገባል። ዘውድ ወይ ጎፈር፣ በቃ።

ክላውዘር፣ ሆርን፣ ሺሞኒና ሆልት በ1969 ያወጡት ገደብ የቆመው እዚህ ላይ ነው። በየወገኑ ሁለት ዓይነት ልኬት አለ፤ መልሶቹም ቀድመው ተወስነዋል እንበል። የአንዱን ወገን ሁለት መልሶች ደምሩ፣ ከዚያ ቀንሱ። መልሶቹ +1 ወይም −1 ብቻ ስለሆኑ አንደኛው ውጤት የግድ ዜሮ፣ ሌላው 2 ወይም −2 ነው። እነዚህን በሌላው ወገን መልሶች አባዝታችሁ ብትደምሩ ከ2 ማለፍ አይቻልም፤ አማካዩም አያልፍም። ኳንተም ግን እስከ 2.83 ይሄዳል። ለራሱ 1.41 የፈቀደ ሰው 2.83 ቢደርስ ምን ይገርማል? ሜትሩን አሳጥሮ ጨርቁ ረዘመ እንደሚል ነጋዴ ነው። (ለሐቁ፣ መልሱ በ−1 እና በ1 መካከል የትም ቢያርፍ ገደቡ ይሠራል። ከ1 አይለፍ እንጂ።)

መልስ ያልሰጡትን ቅንጣቶች ከቆጠራው መጣልስ? ይሄኛውን አከብረዋለሁ። ዲቴክተሮች ብዙ ፎቶን ስለሚያመልጣቸው ፊዚክሰኞቹ ራሳቸው ለዓመታት ተጨንቀውበታል። በ2015 ዴልፍት ውስጥ 1.3 ኪሎ ሜትር ተራርቀው በተቀመጡ አልማዞች ውስጥ ያሉ ኤሌክትሮኖችን ለኩ። 245 ሙከራ፣ አንድም ያለ መልስ የታለፈ የለም። ውጤቱ 2.42፣ የስህተት ልኩ 0.20። በዚያው ዓመት ቪየናና ቦልደር ላይ በፎቶን ሲሠራም ገደቡ ተጣሰ።

ስለዚህ ወንድሜ፣ ግራፉን ተወውና ሁለት ላፕቶፕ አምጣ። እንዳይነጋገሩ ኢንተርኔታቸውን ቁረጥ። እኔ ለእያንዳንዱ የራሱን አንግል ብቻ፣ በዘፈቀደ እየመረጥኩ እሰጠዋለሁ፤ እሱም በየዙሩ +1 ወይም −1 ይጻፍ፤ መዝለል የለም። ከአሥር ሺህ ዙር በኋላ 2.8 ካሳየኸኝ ቪዲዮህን ራሴ ሼር አደርግልሃለሁ።