ሥሩ ከተማሰ መድኀኒቱ ከየት ይመጣል?

በአገራችን ሕዝብ ዘንድ መድኀኒት ማለት ከሁሉ አስቀድሞ ቅጠልና ሥር ነው። ሐኪም ቤት ከመከፈቱ፣ የመድኀኒት መደብርም ከመቋቋሙ በፊት ወገኖቻችን ቁርጠቱንም፣ ትኩሳቱንም፣ ምቹንም የተከላከሉት ደጋውና ወይና ደጋው ባበቀለላቸው ዕፅ ነው። ዛሬም ቢሆን ከእኛ ከተማሪዎቹ መካከል ሆዱን ሲቆርጠው የ«ድንገተኛ»ን ሥር ያላኘከ፣ በቤቱም የቀበርቾ ጢስ ሸትቶት የማያውቅ ቢኖር ጥቂት ነው። እንግዲህ በዚህ እትም የምናነሣው ጉዳይ የባላገሩ ብቻ ሳይሆን የእኛም የገዢዎቹ ጉዳይ ነው።

ቀበርቾ ከኢትዮጵያ በቀር በሌላ አገር በተፈጥሮ አይበቅልም። እርሱም ሆነ ድንገተኛ ለመጥፋት ከሚያሠጉት ዕፀዋት መካከል የሚቆጠሩ ሲሆኑ፣ ሁለቱንም ወደ ገበያ የሚያወጣቸው ሥራቸው ነው። ነገሩ ሁሉ ያለው በዚህ ላይ ነው። ቅጠሉ የተቀነጠሰ ቁጥቋጦ ክረምት ሲገባ መልሶ ያቆጠቁጣል፤ ፍሬው የተለቀመም ለከርሞ ያፈራል፤ ሥሩ የተማሰ ግን በዚያው አበቃ። ቆፋሪውም ችግረኛ ነውና ተክሉ አብቦ ዘሩን እስኪጥል አይታገሥም። በጉልት ተደርድሮ የምናየው እያንዳንዱ እስር በአንድ ኮረብታ ላይ ቆሞ የነበረና ከእንግዲህ የማይቆም ተክል ነው። ሥሩ ከመንደሩ አጠገብ ሲጠፋ ቆፋሪው ርቆ ይሄዳል፤ በራቀ ቁጥር ዋጋው ይጨምራል፤ ዋጋው ሲጨምር ደግሞ ሌላው ዶማውን ይዞ ይነሣል። የዚህ ሰንሰለት የመጨረሻው ቀለበት በእኛ ኪስ ውስጥ ያለው ገንዘብ ነው።

ይህን ስንል ለተራራው መራቆት ተጠያቂው መድኀኒት ፈላጊው ብቻ ነው ማለታችን አይደለም። ኮሶን እንመልከት። ከኮሶ ዛፍ ለመድኀኒትነት የሚወሰደው አበባው ነው፤ ዛፉ ባለበት ይቀራል። በአሥራ ዘጠነኛው መቶ ዓመት የአውሮፓ መድኀኒት ቀማሚዎች ሳይቀሩ አበባውን ከአገራችን ያስመጡ ነበር። ኮሶን ያመነመነው ጠጪው ሳይሆን ለሳንቃ የተሳለው መጥረቢያና ደኑን የመነጠረው እርሻ ነው። ስለዚህም በ1986 ዓ.ም. የወጣው የደን አዋጅ ኮሶን ከዋንዛ፣ ከዝግባና ከጥድ ጋር በመንግሥትና በክልል ደኖች ውስጥ እንዳይቆረጥ ከለከለ። እንግዲህ መጥረቢያውን ሕግ ሊይዘው ይችል ይሆናል፤ የሥሩን ዶማ ግን የሚያንቀሳቅሰው ገዢው ነው።

ገዢ ከሩቅ ሆኖም ተራራን ማራቆት እንደሚችል ጥቁር እንጨት ይመሰክራል። ይህ በአገራችንም ያለ የደጋ ዛፍ ቅርፊቱ ለሽማግሌዎች የሽንት ችግር ይረዳል ተብሎ እ.ኤ.አ. ከ1960ዎቹ ወዲህ በአውሮፓ መድኀኒት ሆኖ ሲሸጥ ኖሯል። ቅርፊቱ በብዛት የመጣው ከካሜሩን ተራሮች ነበር። ከግንዱ ዙሪያ ግማሹ ተልጦ ግማሹ ቢተው ዛፉ ይተርፋል፤ ዙሪያውን ከተላጠ ግን ይደርቃል። ገበያው ሲጣደፍ ብዙው ዙሪያውን ተላጠ። እ.ኤ.አ. ከ1995 ጀምሮ የዛፉ ንግድ በዓለም አቀፍ ስምምነት ቁጥጥር ሥር ገባ፤ እ.ኤ.አ. በ2007ም የአውሮፓ ኅብረት ከካሜሩን የሚገባውን ቅርፊት ለጊዜው አገደ። ክኒኑን የዋጡት ሰዎች የካሜሩንን ተራራ በዓይናቸው አላዩትም። እኛ ግን ተራራችንን እናየዋለን፤ አላየንም ብለን የምናመካኝበት የለንም።

በግቢያችን ስለ ባህል መድኀኒት ሁለት ዓይነት ንግግር ይሰማል። አንዱ «አጉል ልማድ ነው፤ ቢጠፋ ምን ይጎዳል?» ይላል፤ ሁለተኛው «የአባቶቻችን ጥበብ ነውና አይነካ» ይላል። ሁለቱም ከመመርመር የሚያድኑ አጭር መንገዶች ናቸው። እ.ኤ.አ. በ1964 ዶክተር አክሊሉ ለማ አድዋ ላይ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ቦታ በታች ቀንድ አውጣዎች ሞተው ቢያዩ ነገሩን ንቀው አላለፉትም፤ መርምረው የቢልሃርዝያን አስተላላፊ ቀንድ አውጣ የሚገድል ኃይል በእንዶድ ፍሬ ውስጥ እንዳለ ለዓለም አሳወቁ። የድንገተኛ ሥርም የአንጀትን መኮማተር እንደሚያረግብ በእንስሳት አንጀት ላይ ተሞክሮ እ.ኤ.አ. በ1990 ታትሞ ወጥቷል። በአንጻሩ ኮሶ ከመጠን ካለፈ ዓይንን እስከማጥፋት ይጎዳል። ልማዱን የናቀ እንዶድን ባላገኘ፤ ልማዱን ያመለከም ከኮሶ ጉዳት ባልዳነ።

ታዲያ ምን ይደረግ? አስቀድሞ እኛው ራሳችን ስንገዛ የምንገዛው ቅጠል ነው ወይስ ሥር ብለን እንጠይቅ፤ ሌላ መድኀኒት ባለበት ሥር መግዛቱን እንተው። ሁለተኛ፣ መምህራኖቻችንን የምንለምነው አለ፤ የቀበርቾና የድንገተኛ ቅጠል የሥሩን ሥራ ሊሠራ ይችል እንደሆነ፣ ዘራቸውም በማሳ በምን ሁኔታ እንደሚበቅል ለመመረቂያ ጽሑፍ የሚሆን ጥያቄ ነውና ለተማሪዎቻቸው ይስጡልን። ሦስተኛ፣ ማኅበራችን ከግቢው አንድ ጥግ መሬት ጠይቆ የእነዚህን ዕፀዋት መደብ ያዘጋጅ፤ ከሚገኘው ዘርም ለቆፋሪዎችና ለገበሬዎች ይታደል። በጉልት ተቀምጠው በዚህ ንግድ ልጆቻቸውን የሚያሳድጉ እናቶች አሉ፤ እንጀራቸውን መዝጋት መፍትሔ አይደለም። ሥሩ ከተራራው መማሱ ቀርቶ ከአጥር ጥግ ቢለማ ግን ለሻጯም፣ ለታማሚውም፣ ለተራራውም ይተርፋል።

አበው «ሳይቃጠል በቅጠል» ይላሉ። ቅጠሉ ሳይጠፋ፣ ጊዜውም ሳያልፍ እንነሣ።