ከሱቅ የሚፈጸም ስርቆት፦ ሕጉ ችግረኛውንና ልማደኛውን እንዴት ይለያል?

የኑሮ ውድነት በበረታ ቁጥር ከሱቅ የሚፈጸም ስርቆት የሕዝብ መወያያ ይሆናል። አንዱ ወገን መንስኤው ድህነትና ሥራ አጥነት ነው ሲል፣ ሌላው የሕግ ማስከበር መላላት ያመጣው ነው ይላል። ከአዋሽ ወደ ሰመራና ጋላፊ በሚወስደው አውራ መንገድ ላይ በምትገኘው አዳይቱና በመሰል ከተሞች ጉዳዩ ሌላም ገጽታ አለው። መንገደኛ የሆነ ተጠርጣሪ ፈጥኖ ከአካባቢው ሊርቅ ስለሚችል፣ ባለሱቁ በእጁ የገባውን ሰው እዚያው ለመቅጣት ሊገፋፋ ይችላል።

ይሁንና ሕጉ ሁለቱንም ስጋቶች አስቀድሞ ተመልክቷቸዋል። በአዋጅ ቁጥር 414/1996 የወጣው የወንጀል ሕግ በአንቀጽ 665 ስርቆትን በቀላል እሥራት፣ ወይም እንደ ነገሩ ሁኔታ ከ5 ዓመት በማይበልጥ ጽኑ እሥራት ይቀጣል። በቡድን ተደራጅቶ ወይም ሙያው አድርጎ የሚሰርቅ ሰው ግን ስለ ከባድ ስርቆት በተደነገገው በአንቀጽ 669 ይጠየቃል፤ ቅጣቱም እስከ 15 ዓመት ጽኑ እሥራት ይደርሳል። የተሰረቀ መሆኑን እያወቀ ዕቃ የሚገዛ ነጋዴም ከተጠያቂነት አያመልጥም። በአንጻሩ አንቀጽ 82 በከባድ ችግር ተገፋፍቶ ወንጀል መፈጸምን ቅጣት ከሚያቀልሉ ምክንያቶች አንዱ አድርጎታል። ስለዚህ ችግር ድርጊቱን ሕጋዊ ባያደርገውም፣ ፍርድ ቤት ቅጣትን ሲወስን ይመዝነዋል።

ሕፃናትን በሚመለከት ጥንቃቄው ይበልጥ ይጠብቃል። 9 ዓመት ያልሞላው ልጅ በወንጀል አይጠየቅም። ከ9 እስከ 15 ዓመት ያሉ ልጆችም ለአዋቂዎች የተደነገገው መደበኛ ቅጣት አይፈጸምባቸውም፤ ከአዋቂ ወንጀለኞች ጋርም ሊታሰሩ አይገባም።

ይህን ሁሉ መለየት የሚቻለው ጉዳዩ ወደ ሕግ አካል ሲቀርብ ብቻ ነው። በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 19 መሠረት የተያዘ ሰው፣ ለጉዞ የሚያስፈልገው ጊዜ ሳይቆጠር፣ በ48 ሰዓት ውስጥ ፍርድ ቤት መቅረብ አለበት፤ በአንቀጽ 20 መሠረትም ጥፋተኛ እስኪባል ድረስ እንደ ንጹሕ ይቆጠራል። ተጠርጣሪን መደብደብ በራሱ ወንጀል በመሆኑ፣ ተበዳዩን ባለሱቅ ተከሳሽ ሊያደርገው ይችላል።

ስለሆነም ንብረቱ የተወሰደበት ነጋዴ ሳይዘገይ በአቅራቢያው ለሚገኝ ፖሊስ ጣቢያ ማመልከት፣ የዕቃውን ዓይነትና ዋጋ መግለጽ፣ የዓይን ምስክሮችን ማስመዝገብ ይጠበቅበታል። የንብረት መመለስና የካሣ ጥያቄም የማቅረብ መብት አለው። የአገር ሽማግሌዎች ዕርቅ ጎረቤታሞችን ለማስማማት ይረዳል፤ በወንጀል ጥፋተኛ የማለትና የመቅጣት ሥልጣን ግን የፍርድ ቤት ነው።