ጠያቂ ያልተበጀለት ተጠያቂነት

«ተጠያቂ» የሚለው ቃል ተደራጊን የሚያመለክት በመሆኑ ከበስተጀርባው ጠያቂ የሚባል አድራጊ እንዲኖር ግድ ይላል። በከተማ አስተዳደሮች ዕቅድና ሪፖርት በየገጹ የሚገኘው «ተጠያቂነት» ግን ይህን አድራጊ አራግፎ የሹሙ መልካም ጠባይ ስም ሆኗል፤ ሹሙ ተጠያቂነት «ይሰማዋል»፣ ተጠያቂነትን «ያሰፍናል»፣ በሥልጠናም «ያዳብረዋል»፤ ማን፣ መቼ፣ በምን ሰነድ እንደሚጠይቀው ግን አይነገርም። በጎጃም የእናርጅ እናውጋ ወረዳ መቀመጫ የሆነችውን ደብረ ወርቅን፣ ቢቸናንና ሞጣን በመሰሉ ከተሞች የአገልግሎት ጉድለትና የገንዘብ ብክነት ሥር የሚሰድደው ሒሳብ ሁልጊዜ ወደ ላይ፣ ወደ ዞንና ወደ ክልል እየቀረበ ወደ ታች የሚወርድበት መንገድ ስላልተበጀለት ነው።

የዚህ አሠራር ዋና መሣሪያ ግምገማ ነው። ግምገማ ማለት የአንድ መሥሪያ ቤት ወይም የፓርቲ አባላት ተሰብስበው እርስ በርስ የሚተቻቹበት፣ ከ1983 በኋላ ከኢሕአዴግ የትጥቅ ትግል ልማድ ወደ መንግሥት አስተዳደር የገባ ስብሰባ ሲሆን፣ የሚመረምረውም በአብዛኛው የሰውን አመለካከት እንጂ የወጪ ሰነድን አይደለም። «የአቅም ውስንነት» የተገኘበት ኃላፊ ሒሱን ይውጣል፣ ወደ ሌላ ወረዳ ወይም ወደ ሌላ ጽሕፈት ቤት ይዛወራል፤ በጅምር የቀረው የጎርፍ መውረጃ ቦይ ግን አይዛወርም፣ ለቦዩ የወጣው ገንዘብም በስብሰባው ከነበሩት በቀር ለማንም ሳይገለጥ ጉዳዩ ይዘጋል። ነዋሪው የሚጠራው «ሕዝባዊ መድረክ» ወደሚባለው ስብሰባ ነው፤ በዚያ የሚያነሣው ጥያቄም በማስታወሻ ደብተር ተመዝግቦ «በሒደት የሚፈታ» የሚል ቅጽል ያገኛል። የዚህ ቅጽል ዕድሜ ረጅም ነው።

ሹም በማዛወር ጥያቄን ማብረድ ለአካባቢው አዲስ አይደለም። በኅዳር 1960 የወጣው የእርሻ ገቢ ግብር አዋጅ በጎጃም ያስነሣው ዐመፅ ከበረታባቸው አውራጃዎች ሞጣና ቢቸና ግንባር ቀደሞቹ ነበሩ፤ ዐመፁም ብዙ ጊዜ ርስቴ ተለክቶ ይወሰድብኛል ብሎ የሠጋ ገበሬ ለውጥን የገፋበት ተደርጎ ይተረካል። ሥጋቱ እውነት ነበር፤ ይሁንና ገበሬው ከመሬት ግብሩ ጋር ከ1940 ጀምሮ የትምህርት ግብር፣ ከ1950ዎቹ መጀመሪያ አንሥቶ ደግሞ የጤና ግብር እየተጨመረበት ሳለ አብዛኛው ገጠር ትምህርት ቤትም ጤና ጣቢያም ያላየ መሆኑ ሲታሰብ፣ በዐመፁ ውስጥ ከርስት ጥበቃ ሌላ የሒሳብ ጥያቄም እንደ ነበረበት መካድ አይቻልም። ስሙ ራሱ ቃል ኪዳን የሆነ ግብር የሚከፍል ሰው የስሙን ፍሬ ቢጠይቅ ኋላ ቀር አያሰኘውም። መንግሥት የሰጠው መልስ በመጀመሪያ ጦር ሠራዊትና የጦር አውሮፕላን ነበር፤ በኋላም የጠቅላይ ግዛቱ ገዥ ደጃዝማች ፀሐዩ እንቁሥላሴ ወደ ከፋ ተዛወሩ፣ ውዝፍ ግብር ተሰረዘ፣ አዲሱም ግብር በጎጃም በተግባር ሳይውል ቀረ። ሹም ማዛወርም ሆነ ዕዳ መማር ቁጣን ያበርዳል፤ ሁለቱንም ለማድረግ ግን አንድ መዝገብ እንኳ መግለጥ አያስፈልግም።

ዛሬ መገለጥ ያለበት መዝገብ ከሁለት ምንጭ የሚመጣ ገንዘብ የያዘ ነው። አንደኛው ከክልሉ በቀመር የሚደለደለው የድጎማ በጀት ሲሆን እንደ ትምህርትና ጤና ላሉ አገልግሎቶች፣ በብዛትም ለደመወዝ ይውላል፤ ሁለተኛው ማዘጋጃ ቤታዊ ገቢ የሚባለው፣ ከቦታ ኪራይና ከሊዝ፣ ከገበያ፣ ከቄራና ከልዩ ልዩ የአገልግሎት ክፍያ ተሰብስቦ ለውስጥ ለውስጥ መንገድ፣ ለቦይና ለጽዳት ሊውል የሚገባው ነው። ብክነት ሲባል ስርቆትን ብቻ ማሰብ ስሕተት ነው። የበጀት ዓመቱ ሰኔ 30 ሲዘጋ ያልተሠራበት የድጎማ ገንዘብ ተመላሽ ስለሚሆን፣ በሰኔ የወንበርና የጠረጴዛ ግዥ፣ ሥልጠና፣ ውሎ አበልና ነዳጅ ይበረክታሉ፤ ወጪው ደረሰኝ አለው፣ ፊርማውም ሙሉ ነው፣ ሐምሌ ሲገባ ግን የመንደሩ ጭቃ ካምናው አይለይም። በኦዲት ሪፖርት እየተደጋገመ የሚነሣው ያልተወራረደ ሒሳብ፣ ማለትም ለሥራ ተብሎ ወጥቶ የወጪ ማስረጃው ያልቀረበለት ገንዘብ፣ የዚሁ ልማድ ዘመድ ነው። የፌዴራሉ ዋና ኦዲተር ሪፖርት በፓርላማ ስለሚነበብ ቢያንስ ዜና ይሆናል፤ የትንሽ ከተማ ሒሳብ ሊመረምር የሚገባው ምክር ቤት ግን ራሱ ከመራጩ ጋር ከተያየ ቆይቷል። የወረዳ፣ የከተማና የቀበሌ ምክር ቤቶች ምርጫ በሚያዝያ 2005 ከተካሄደ በኋላ የአምስት ዓመቱ ዘመን በ2010 ሲያበቃ ተራዘመ፤ በ2013ቱ ጠቅላላ ምርጫም የአማራ ክልል ከተሞች ምክር ቤቶቻቸውን አልመረጡም።

ለጠያቂው ወንበር ለመስጠት የተሞከረበት ጊዜ አለ። ከ1997ቱ የምርጫ ቀውስ በኋላ ለጋሾች ለፌዴራል መንግሥት በቀጥታ የሚሰጡትን የበጀት ድጋፍ አቁመው በ1998 በጀመሩት የመሠረታዊ አገልግሎቶች ፕሮግራም ሥር፣ የወረዳ በጀት በማስታወቂያ ሰሌዳ እንዲለጠፍ የሚያደርግና «ማኅበራዊ ተጠያቂነት» የተባለ፣ ተገልጋዮች ለአገልግሎት ውጤት የሚሰጡበት አሠራር መጣ። አሳቡ ግሩም ነበር፤ ነገር ግን ትምህርትን፣ ጤናን፣ ግብርናን፣ ውኃንና የገጠር መንገድን ብቻ የሚመለከት በመሆኑ ማዘጋጃ ቤቱ የሚያዝበት ገንዘብ ከዙሪያው ውጭ ቀረ። ነርሷ ውጤት ተሰጣት፤ መሬት የሚመራውና ቦይ የሚያስቆፍረው ግን አልተሰጠውም።

ለዚህ ትችት የሚሰጠው የታወቀ መልስ ድህነት ነው፦ ከተማዋ ትንሽ ናት፣ ገቢዋም ከእጅ ወደ አፍ ነው። ይህ መልስ ራሱን ያፈርሳል፤ አንድ የቦይ ሥራ የዓመቱን አቅም በሚጨርስባት ከተማ የአንድ ሥልጠና ውሎ አበል እንደ ትልቅ ከተማ ብክነት ቀላል ሊሆን አይችልምና። ውኃው የውኃ አገልግሎት ጽሕፈት ቤት፣ መብራቱ የኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ አገልግሎት ኃላፊነት ነው የሚለው ማሳሰቢያ እርግጥ ትክክል ነው፤ ግን ሥልጣኑ የተከፋፈለው ሥራውን ለማቅለል እንጂ ነዋሪውን ከበር ወደ በር ለማንከራተት አልነበረም። ከ2015 ክረምት ጀምሮ ክልሉን ያናወጠው ጦርነት ከሁሉ የከበደው ምክንያት ሲሆን፣ ቢሮ የተዘጋበትና መንገድ የተቆረጠበት ጊዜ እንዳልነበረ አድርጎ መተቸት ግፍ ይሆናል። ነገር ግን ሰላም በራቀ ጊዜም መዋጮና ክፍያ መሰብሰቡ እስካልቆመ ድረስ የተሰበሰበው የት ገባ የሚለው ጥያቄ ለሰላም ቀን የሚቀጠርበት ምክንያት የለም፤ በ2017 የጸደቀው የንብረት ታክስ አዋጅ ደግሞ ከከተማ ነዋሪ ተጨማሪ ገንዘብ የሚጠየቅበትን በር ከፍቷል።

የተሰበሰበው የት ገባ ብሎ ለመጠየቅ አዲስ ሕግ መጠበቅ አያስፈልግም። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 12 የመንግሥት አሠራር ለሕዝብ ግልጽ እንዲሆን ያዛል፤ የመገናኛ ብዙኃን ነጻነትና የመረጃ ነጻነት አዋጅ ቁጥር 590/2000 ደግሞ ማንኛውም ሰው ከመንግሥት መሥሪያ ቤት መረጃ የመጠየቅ መብት እንዳለው ይደነግጋል፣ መሥሪያ ቤቱም በ30 ቀን ውስጥ እንዲመልስ ያስገድዳል። በደብረ ወርቅ ገበያ ለመደብ የሚከፍል ነጋዴ የዓመቱ የገበያ ገቢ ስንት እንደ ሆነና ከዚያ ውስጥ ለገበያው ቦይና መጸዳጃ ስንቱ እንደ ዋለ በጽሑፍ ቢጠይቅ፣ የሚያመለክተው በዚሁ አዋጅ ነው።