የጋራ ጽሕፈት ቤትና የኢንተርኔት ደላላ

ድለላ በንግድ ዓለም ጥንታዊ ሥራ ነው። ደላላ ገዢ ላጣ ሻጭ ገዢ፥ ሻጭ ላጣ ገዢም ሻጭ ፈልጎ ያገናኛል፤ ለድካሙም ኮሚሲዮን ይቀበላል። በዚህ አስተዋይ ነጋዴ ቅር አይለውም። ቅር የሚያሰኘው፥ ደላላው አንድ ጊዜ ስላገናኘ ብቻ ዘወትር እንደ ቀረጥ ሲቀበል፥ ወይም ባለንብረቱን በዋጋው ላይ ሲያዝበት ነው። በዛሬው ጊዜ ይኸው ጥያቄ በአዲስ መልክ የቀረበው ለጋራ ጽሕፈት ቤት ባለቤቶች ነው።

«ኮዎርኪንግ» የሚባለው የጋራ ጽሕፈት ቤት በዚህ ስም የታወቀው፥ እንደ አውሮጳ አቈጣጠር በ2005 ዓ.ም. ብራድ ኑበርግ በሳን ፍራንሲስኮ ከተማ ከጀመረው ወዲህ ነው። በአዲስ አበባም እንዲህ ያሉ ቤቶች ይገኛሉ። ባለቤቱ ሰፊ ቤት ለረጅም ጊዜ ይከራይና፥ ጠረጴዛ፥ ኢንተርኔትና የስብሰባ ክፍል አሰናድቶ በቀን ወይም በወር ያከራያል። እርሱ የሚከፍለው ኪራይ የማይቀር ዕዳ ሲሆን፥ ደንበኛው ግን ሲፈልግ መጥቶ ሲፈልግ ይሄዳል። ዊወርክ የተባለው ታላቅ ኩባንያ እንኳ በ2023 የኪሳራ ከለላ ለመጠየቅ ከተገደደባቸው ምክንያቶች ዋነኛው ይኸው የኪራይ ሸክም ነበር።

ቡና ዛሬ ገዢ ቢያጣ በመጋዘን ቈይቶ ነገ ይሸጣል፤ ዛሬ ባዶውን የዋለ ወንበር ግን ነገ አይሸጥም። ስለዚህ የቦታ ማስያዣ ፕላትፎርም፥ ከተማውን የማያውቅ መንገደኛ አምጥቶ ከዋጋው 15 ወይም 20 በመቶ ቢወስድ፥ ፈጽሞ ከማጣት ይሻላል የሚለው አሳብ ሚዛን የሚደፋ ነው።

ይሁን እንጂ ሒሳቡ በሁለት ወገን መታየት አለበት። ለምሳሌ፥ ፕላትፎርሙ በወር ውስጥ ለ22 ቀን በየቀኑ አንድ ወንበር በ300 ብር ቢያከራይ፥ ገቢው 6,600 ብር ይሆናል፤ 20 በመቶው ሲቀነስ ለባለቤቱ 5,280 ብር ይተርፋል። ነገር ግን በወር 5,000 ብር ይከፍል የነበረ ነባር ደንበኛ፥ በወር 12 ቀን ብቻ እንደሚመጣ አስቦ በፕላትፎርሙ በኩል በቀን ሒሳብ መከራየት ቢጀምር፥ ለባለቤቱ የሚደርሰው 2,880 ብር ብቻ ነው። አራት ደንበኞች እንዲህ ቢያደርጉ 8,480 ብር ይጐድላል። ከእንግዳው የተገኘው ትርፍ ይህን ጉድለት አይሸፍንም።

ሁለተኛው አደጋ በውል ውስጥ የሚሸሸገው ነው። በአውሮጳ ሆቴሎች የደረሰው ለዚህ በቂ ትምህርት ይሰጣል። ቡኪንግ ዶት ኮም ሆቴሎቹ በራሳቸው ድረ ገጽ ከእርሱ ባነሰ ዋጋ እንዳያከራዩ በውል ያስገድድ ነበር። ፈረንሳይ ይህን የመሰለውን ግዴታ በ2015 በሕግ ሻረች፤ የጀርመን የውድድር ባለሥልጣንም በዚያው ዓመት ከለከለ፤ በ2021 የአገሪቱ ከፍተኛ ፍርድ ቤት ክልከላውን አጸና። የአውሮጳ ኅብረት ፍርድ ቤትም በ2024 እንዲህ ያለው ግዴታ በመሠረቱ ለፕላትፎርሙ ሥራ የግድ አስፈላጊ ሆኖ እንደማይቈጠር ወሰነ። ፍትሑ ተገኘ፤ ነገር ግን ብዙ ዓመት ፈጀ። አነስተኛ ነጋዴ ይህን ያህል ዓመት በትዕግሥት ሊጠብቅ አይችልም።

እንግዲህ በፕላትፎርም መጠቀም ይገባል፤ ነገር ግን በልክ። ለፕላትፎርሙ የሚሰጠው የስብሰባ ክፍልና የተወሰነ የቀን ወንበር ብቻ ይሁን፤ የወር ኪራይ ከባለቤቱ እጅ አይውጣ። የቀን ዋጋውም ነባሩን ደንበኛ የማያስኮበልል ይሁን። ውሉ ከመፈረሙ በፊት የዋጋ ነጻነት መጠበቁ፥ ገንዘቡ በስንት ቀንና በምን ዓይነት ገንዘብ እንደሚከፈል፥ ኮሚሲዮኑም ተመላልሶ በሚመጣ ደንበኛ ላይ መታሰብ አለመታሰቡ ይመርመር። ከሁሉም በላይ የደንበኛው ስምና አድራሻ በደንበኛው ፈቃድ በቤቱ መዝገብ ይጻፍ። ደንበኞቹን የማያውቅ ባለቤት በገዛ ቤቱ የደላላው ተቀጣሪ ሆኗል ማለት ነው። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር እንደ ተባለውም፥ ባለቤቶቹ በአንድነት ቢደራደሩ ለብቻቸው ከሚያገኙት የተሻለ ውል ለማግኘት ተስፋ አላቸው።

ጉዳዩ የጽሕፈት ቤት አከራዮች ብቻ አይደለም። በሌላ ሰው ገበያ ላይ ዕቃውን የሚዘረጋ ባለሱቅም፥ በወኪል የሚሸጥ ላኪም ይህንኑ ሒሳብ ሊያስብ ይገባዋል። ደላላ ደንበኛን እስከ በር ያመጣል፤ ከበሩ ወዲህ ደንበኛውን የማቈየት ሥራ ግን የባለቤቱ ነው።