ሚዛኑ በገዢው እጅ ነው

ቢስሚላሂ ረህማኒ ረሂም

የአጋሮ፣ የሊሙና የየቡ ቡና አምራች አንድ ነገር ጠንቅቆ ያውቃል። እሸት ቡናውን ተሸክሞ ሰብሳቢው ዘንድ ሲደርስ ዋጋው ጥሩ ነው ቢባል እንኳ ልቡ አያርፍም፤ ዓይኑ ሚዛኑ ላይ ነው። ሚዛኑ የገዢው፣ መዛኙም የገዢው ሰው ከሆነ፣ "ጎደለብኝ" ሲል አቤት የሚለውም ለዚያው ገዢ ከሆነ፣ ጥሩ ዋጋ ምን ይፈይድለታል? እኛ ሙስሊሞችም በህገ መንግስቱ ፊት የቆምነው እንዲሁ ነው።

የተፃፈው ዋጋ መልካም ነው። ህዳር 29 ቀን 1987 የፀደቀው ህገ መንግስት በአንቀፅ 11 መንግስትና ሃይማኖት የተለያዩ ናቸው፣ መንግስት በሃይማኖት ጉዳይ ጣልቃ አይገባም ይላል። አንቀፅ 27 አማኞች የሃይማኖት ትምህርትና የአስተዳደር ተቋም የማቋቋም መብት ይሰጣል። አንቀፅ 30 ያለመሳሪያ በሰላም የመሰብሰብና አቤቱታ የማቅረብ መብት ይሰጣል። እነዚህ የማንም ችሮታ አይደሉም። የ1948ቱ ህገ መንግስት የመንግስት ሃይማኖት ነበረው፤ አባቶቻችንም "በኢትዮጵያ የሚኖሩ ሙስሊሞች" እየተባሉ በገዛ አገራቸው እንደ እንግዳ ይቆጠሩ ነበር። ሚያዝያ 12 ቀን 1966 አዲስ አበባን ያጥለቀለቁት ሃይማኖትና መንግስት ይለያዩ ብለው ነው።

ታዲያ ምን ሆነ? የአህባሽ ትምህርት በመንግስት ድጋፍ ተጫነብን። ምርጫው በመስጂዳችን ይሁን ብንል፣ መስከረም 2005 የመጅሊስ ምርጫ በቀበሌ ተካሄደ። አቤቱታችንን እንዲያደርሱ የወከልናቸው ሐምሌ 2004 ታሰሩ፤ በሽብርም ተከሰሱ። አንቀፅ 11 ሲጣስ ማን ይዳኛል?

መልሱ አንቀፅ 62 እና 83 ውስጥ አለ። ህገ መንግስቱን የሚተረጉመው ፍርድ ቤት ሳይሆን የፌዴሬሽን ምክር ቤት ነው። አባላቱን የሚልኩት የክልል ምክር ቤቶች ናቸው፤ የክልል ምክር ቤቶቹ ደግሞ በገዢው ፓርቲና በአጋሮቹ እጅ ነበሩ። በ2002 ምርጫ ከ547 የፓርላማ ወንበር 545ቱን የወሰዱትም እነሱው ናቸው። ከሳሽ እኛ፣ ተከሳሽ ገዢው፣ ዳኛም ገዢው!

አሜሪካኖች እ.ኤ.አ. በ1787 ህገ መንግስታቸውን ሲፅፉ ከንጉስ አገዛዝ ገና መውጣታቸው ነበርና ስልጣንን በአንድ እጅ ማኖር ፈሩ። ህግ አውጪውን፣ አስፈፃሚውንና ዳኛውን ለያዩ። በ1791 መንግስት ሃይማኖት እንዳያቋቁምና እንዳይከለክል አገዱት። በ1803 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ምክር ቤቱ ያወጣው አንቀፅ ህገ መንግስቱን ይፃረራል ብሎ ሻረው። በ1943፣ በጦርነት መሃል፣ ለባንዲራ ሰላምታ አንሰጥም ላሉ የይሖዋ ምስክር ልጆች ፈረደ። ይህን የምንለው አሜሪካን ለማወደስ አይደለም። ያው ወረቀት ባሪያውን የሰው ሶስት አምስተኛ አድርጎ ቆጥሮታል፤ ባርነትም የቀረው በደም ነው። ነገሩ ሌላ ነው፤ ሚዛኑ ከገዢው እጅ ሲወጣ ጥቂቶችና የማይወደዱትም መንግስትን ይረታሉ።

"ሃይማኖት ነፃ ሲለቀቅ አክራሪ ይነግሳል" ይሉናል፤ በ2003 በአሰንዳቦ የተቃጠሉትን አብያተ ክርስቲያናት ይጠቅሳሉ። ያ ግፍ ነበር፤ ያደረገው በስሙ ተጠይቆ መቀጣት አለበት። አንቀፅ 27 የክርስቲያን ጎረቤታችንም ነው። ግን የቤት ቃጠሎ በወንጀል ህግ ይዳኛል እንጂ መንግስት ኢማም በመሾም አይጠፋም።

ወንድሞችና እህቶች! አንቀፅ 11፣ 27 እና 30ን በየመድረሳው እናስተምር፤ ልጆቻችን በቃላቸው ይያዟቸው። ከጁምዓ በኋላ ያለ ድንጋይ፣ ያለ ስድብ ድምፃችንን እናሰማ። ጥያቄያችን ይህ ነበር፤ መጅሊሳችንን በመስጂዳችን እንምረጥ፣ የአህባሽ ጭነት ይቁም፣ አወሊያ በነፃ ቦርድ ይተዳደር፣ የታሰሩት ይፈቱ። ከዚህ በላይ የምንጠይቀው አንድ ነው፤ ገዢው የማይዘው ሚዛን።

ህገ መንግስቱ ይከበር! ድምፃችን ይሰማ!
አላሁ አክበር!