ሰኔ መጣ፤ እንግሊዝኛውስ የት ደረሰ?

ሰኔ ሲገባ በካማሺም እንደ ሌላው የአገራችን ክፍል ጥቁር ሰሌዳው ለመጨረሻ ጊዜ ይጠረጋል። የሰባተኛና የስምንተኛ ክፍል እንግሊዝኛ መምህር ማርክ ይደምራል፣ ካርድ ይሞላል፣ ይፈርማል። «ተዛውሯል» የምትባለው ቃል ትጻፋለች። ወላጅም ደስ ይለዋል። እኛ ግን አንድ ጥያቄ አለን። ለመሆኑ ልጁ የተዛወረው ወዴት ነው?

እስቲ አንድ የካማሺ ልጅ እናስብ። እቤቱ ከእናቱ ጋር የሚያወራው በጉሙዝኛ ነው። ጎረቤቱ ወለጋ ነውና ገበያ ሲወጣ ኦሮምኛ ይሰማል። ቀበሌ ጉዳይ ቢኖረው አማርኛ ይጠብቀዋል፤ የቤኒሻንጉል ጉሙዝ ክልል የሥራ ቋንቋ አማርኛ ነውና። እንግሊዝኛ አራተኛው መሆኑ ነው። የቦሌ ልጅ ካርቱን እያየ የለመደውን ቋንቋ፣ ይኼኛው ከክፍሉ ደጃፍ ከወጣ የሚያናግረው ሰው አያገኝም።

የ1986ቱ የትምህርት ፖሊሲ አንደኛ ደረጃ በአፍ መፍቻ ቋንቋ ይሁን፣ እንግሊዝኛ ከአንደኛ ክፍል ጀምሮ እንደ አንድ ትምህርት ይሰጥ፣ ሁለተኛ ደረጃ ደግሞ በእንግሊዝኛ ይሁን ብሎ ደነገገ። ወረቀት ላይ ያምራል። ልጁ ዘጠነኛ ሲገባ ግን ፊዚክሱም ታሪኩም በእንግሊዝኛ ይመጣበታል። እንግሊዝኛ ያልገባው ልጅ ፊዚክስም አይገባውም። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል ይባል የለ!

በካማሺ ላይ ሌላም ጣጣ አለ። መስከረም 2011 ዓ.ም. የዞኑ ባለሥልጣናት መንገድ ላይ ተገደሉ፤ ግጭቱ ተቀጣጠለ፤ ብዙ ሺህ ሕዝብ ወደ ወለጋ ተፈናቀለ። በዚያው መስከረም አንደኛ ክፍል ሊገባ ደብተሩን የያዘ ልጅ፣ ምንም ሳያቋርጥ ቢማር ኖሮ ስምንተኛን የሚጨርሰው በ2018 ዓ.ም. ነው። ግን መቼ ሳያቋርጥ ተማረና! ገና ፊደል ሲቆጥር ጥይት ጮኸበት። መጋቢት 2012 ላይ ደግሞ ኮሮና መጥቶ የአገሩን ትምህርት ቤት ሁሉ ዘጋው። ይኸን ልጅ «በእንግሊዝኛ ደካማ ነው» ማለት ይቀላል። ደካማው ማነው?

ውጤቱን ሁላችንም አይተነዋል። በ12ኛ ክፍል ፈተና 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት የ2014 ዓ.ም. ተማሪዎች 3.3 በመቶ፣ የ2015ቱ 3.2 በመቶ፣ የ2016ቱ 5.4 በመቶ ነበሩ። ኩረጃው ተቆጣጠርን ተባለ፤ እሰየው! ግን ልጁ ጥያቄውን ሳያነበው ቢወድቅ ቁጥጥሩ ምን ያደርግለታል? ጥፋቱን ከ12ኛ ክፍል መፈለግ ቆቅ ወዲያ ማዶ ምዝግዝግ ወዲህ ማዶ ነው። ነገሩ የተበላሸው ታች ነው።

ምን ይደረግ ለምትሉን፣ መልሱ ሩቅ አይደለም። አንደኛ፣ ካርድ ከመፈረሙ በፊት እያንዳንዱ ልጅ አንድ ገጽ እንግሊዝኛ ይነብብ፤ ያነበበውንም በሚያውቀው ቋንቋ ይንገረን። ያልቻለውን ማሳፈር አያስፈልግም፤ ክረምቱን አስተምሩት። ሁለተኛ፣ በክረምት የሚያስተምረው መምህር አበል ይከፈለው። በባዶ ሆድ የሚሰጥ «ተጨማሪ ትምህርት» ሪፖርት ላይ እንጂ ልጁ ጭንቅላት ውስጥ አይገባም። ሦስተኛ፣ መጽሐፉ ለሦስት ተማሪ አንድ ሳይሆን ለአንድ ተማሪ አንድ ይሁን፤ ቤቱ ይዞት ይሂድ። አራተኛ፣ ጉሙዝኛ የሚችሉ የአካባቢው ልጆች የእንግሊዝኛ መምህር ሆነው ይሠልጥኑ። ከሁሉ በላይ ደግሞ ሰላም! መንገዱ ሲዘጋ መጽሐፉም መምህሩም አይደርሱም።

ባለሥልጣኖቻችን የራሳቸውን ልጆች እንግሊዝኛ ለማስተማር በውድ ክፍያ የግል ትምህርት ቤት ይልካሉ። ይላኩ፤ አንቀናም። የካማሺ ልጅም ግን በዚያው ቋንቋ፣ በዚያው ቀን፣ ለዚያው ፈተና እንደሚቀመጥ አይርሱብን። «ተዛውሯል» ብሎ መፈረም ለማንም አይከብድም፤ ልጁን ግን ማን ያሻግረው?